እናቴ ፓስወርዷን አልረሳችም

እናቴ ከመንፈቅ በላይ ራሷን ስትጠረጥር ከረመች። እኔም ሳላውቀው ጥርጣሬዋን አጸናሁላት። ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ስለዚያ ነው። ነገሩ ሲነገር ትንሽ ይመስላል፦ ኢሜይል ውስጥ ያለ ሊንክ በየትኛው ብራውዘር፣ ማለትም ድረ ገጽ በምናይበት ፕሮግራም፣ ይከፈት የሚል ጉዳይ ነው። ግን ይህ ትንሽ ነገር ቤት ገብቶ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ ካየሁ ወዲህ ትንሽ ማለቱን ትቻለሁ።

እማዬ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሯን ከፍታ ኢሜይሏን ታነባለች። እህቴ የልጆቿን ፎቶ የምታስቀምጥበት አንድ ገጽ አላት። አዲስ ፎቶ በተጨመረ ቁጥር ለእማዬ ሊንክ ይላክላታል። የሐኪም ቀጠሮ ማስታወሻም ይመጣላታል፤ የምትከታተለው የንባብ ክበብ መልእክትም እንዲሁ። ሁሉም ሊንክ አላቸው። እማዬ ሊንኩን ጠቅ ታደርጋለች። ገጹ ይከፈታል። ከዚያ ፓስወርድ ይጠይቃታል።

«ትናንት እኮ ገብቼ ነበር» ትለኛለች ደውላ። «ምንም ሳይጠይቀኝ ነው የገባሁት። ዛሬ አላውቅሽም አለኝ።»

እኔ የምመልስላት ሁሌ አንድ ነበር። «እማዬ፣ ‹ፓስወርድ ረሳሁ› የሚለውን ንኪና አዲስ አውጪ።» ታወጣለች። ደብተሯ ላይ ትጽፈዋለች። ሳምንት ሳይሞላ ትደውላለች። አንዴ ደብተሩን ሳገላብጥ ለአንድ ገጽ ብቻ ስድስት ፓስወርድ ተጽፎ፣ አምስቱ ተሰርዞ አየሁ።

አንድ ማታ ድምጿ ዝቅ ብሎ «እኔ እንጃ ልጄ» አለችኝ። «እርጅናው መጣ መሰለኝ። ነገር አይያዝልኝም።»

ይህችን ሴት ስታስተምር ያያት ሰው ይህን ቃል ከአፏ ቢሰማ አያምንም። ከሠላሳ ዓመት በፊት ያስተማረቻቸውን ልጆች መንገድ ላይ ስታገኝ ከነአባታቸው ስም ትጠራቸዋለች። ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ለካ እኔም በየጊዜው «ረሳሁ የሚለውን ንኪ» ስላት፣ መርሳቷን እየነገርኳት ነበር።

በሳምንቱ መጨረሻ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዝም ብለሽ እንደወትሮሽ ሥሪ አልኳት። ማውዙን አልነካሁም። ምክርም አልሰጠሁም። ይህን ቀድሜ ማድረግ ነበረብኝ። ሰው ችግሩን በስልክ ሲነግረን የምንሰማው እሱ የገባውን ያህል ብቻ ነው።

መጀመሪያ ብራውዘሯን ራሷ ከፈተች። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ ያዘጋጀሁላት ነው። ፊደሉን መቶ ሃምሳ በመቶ አድርጌዋለሁ፤ ዓይኗ ትንንሽ ጽሑፍ ይቸግረዋል። ከላይ በኩል የምትወዳቸው ገጾች ተደርድረዋል። የእህቴን የፎቶ ገጽ ነካች። ወዲያው ተከፈተ። ፓስወርድ የለ፣ ጥያቄ የለ።

ቀጥላ ወደ ኢሜይል ፕሮግራሙ ሄደች። ከእህቴ የመጣ መልእክት ነበር። ሊንኩን ጠቅ አደረገች። ሌላ መስኮት ብቅ አለ። ፊደሉ ደቀቀ። የላይኛው አሞሌ ቀለሙ ሌላ ነው። የምታውቃቸው ገጾች የሉም። መሃል ላይ ሁለት ባዶ ሣጥኖች አሉ፤ አንዱ ለኢሜይል፣ አንዱ ለፓስወርድ።

«አየህ?» አለችኝ። «አሁን ገብቼ ነበር። አሁን ደግሞ እንቢ አለ።»

«እማዬ፣ ይኼኛው እኮ ሌላ ብራውዘር ነው።»

«ሌላ ምን? ኢንተርኔት አይደለም እንዴ?»

ለዚህ ጥያቄ ቶሎ መልስ አላገኘሁም። ትክክል ስለሆነች። ለእሷ ያ መስኮት ኢንተርኔት ነው። ሁለት ኢንተርኔት ሊኖራት እንደሚችል ማን ነገራት? እኔ አልነገርኳትም። ሁለቱ መስኮቶች የሚያሳዩት ያንኑ ገጽ ነው፤ አድራሻውም አንድ ነው። በአንዱ የምትታወቀው፣ በሌላው እንግዳ የምትሆነው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከመስኮቱ ጀርባ ያለውን ማወቅ ይጠይቃል።

ከጀርባው ያለው ኩኪ ነው። አንድ ገጽ ውስጥ ስንገባ ገጹ ለብራውዘራችን ትንሽ ምልክት ይሰጠዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ስንመጣ ብራውዘሩ ያንን ምልክት ያሳያል፤ ገጹም «አወቅኩሽ፣ ግቢ» ይላል። ሐሳቡን ለድር ያመጣው ኔትስኬፕ የተባለውን የድሮ ብራውዘር በሠራው ኩባንያ ይሠራ የነበረ ሉ ሞንቱሊ የሚባል ፕሮግራመር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994። ከዚያ በፊት አንድ ገጽ ከአንድ ደቂቃ በፊት ያየውን ሰው እንኳ ለይቶ የሚያስታውስበት ወጥ መንገድ አልነበረውም። ታዲያ ይህ ምልክት የሚቀመጠው በዚያው በተቀበለው ብራውዘር ውስጥ ነው። ጎረቤቱ ብራውዘር አያየውም። የተቀመጠ ፓስወርድም እንደዚያው ነው። የፊደል መጠንም፣ የተመረጡ ገጾችም፣ የተጫኑ ተጨማሪ መሣሪያዎችም። እያንዳንዱ ብራውዘር የራሱ ማኅደር አለው፤ ሁለቱ አይነጋገሩም።

ስለዚህ ገጹ እናቴን አላወቃትም። እናቴ ግን የጠረጠረችው ራሷን ነው።

እንዴት እንደተለወጠ ስጠይቃት ትንሽ አሰበች። ኮምፒውተሩ ራሱን ያደሰ ዕለት ሲከፈት አንድ ሰፊ ሰማያዊ ገጽ መጥቶ ነበር አለች። ብዙ ጽሑፍ አለበት፤ ከታች አንድ ትልቅ ቁልፍ አለ። «እሺ በይ አለኝ፤ እሺ አልኩት።» ይኸው ነው። የተጠየቀችው ስለ ብራውዘር መሆኑን አታውቅም። ከሥር በደብዛዛ ፊደል ሌላ ምርጫ እንደነበረ አላየችም። ለአንዲት እሺ የከፈለችው ወራት ሙሉ ራሷን መጠራጠር ነው።

እስቲ አሠራሩን በደንብ ልንገራችሁ። አንዴ ከገባችሁ የሌላውንም ሰው ኮምፒውተር ማስተካከል ትችላላችሁ።

ሊንክ ማለት አድራሻ ነው። «በዚህኛው ብራውዘር ክፈቱኝ» የሚል ትእዛዝ በውስጡ የለም። በኤችቲቲፒኤስ ይጀምራል፣ የገጹን ስም ያስከትላል፣ አለቀ። የኢሜይል ፕሮግራሙ ሊንኩ ሲነካ አድራሻውን ለዊንዶውስ ወይም ለማክ ያቀብላል። እነሱ ደግሞ መዝገብ አላቸው። መዝገቡ ላይ «በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምር ነገር ሲመጣ የሚከፍተው እገሌ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ያ እገሌ ነው ዲፎልት ብራውዘር የሚባለው። በዚያው መዝገብ ተቃራኒው መንገድም አለ፦ ድረ ገጽ ላይ ያለ የኢሜይል አድራሻ ሲነካ የትኛው የኢሜይል ፕሮግራም ይነሣ የሚለው። ተጠቅማችሁበት የማታውቁት የኢሜይል ፕሮግራም ድንገት ተነሥቶ «አካውንት ክፈቱ» ካላችሁ የተበላሸው ያ መስመር ነው።

ዊንዶውስ ይህን የሚመዘግበው ሬጅስትሪ በሚባለው ቋት ውስጥ ነው። በድሮው ጊዜ አንድ ፕሮግራም ሲጫን ማንንም ሳይጠይቅ ገብቶ ስሙን ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ ግን የተጠቃሚው ምርጫ ማኅተም በሚመስል ኮድ ታትሞ ይቀመጣል። ሌላ ፕሮግራም መስመሩን ቢቀይረው ኮዱ አይገጥምም፤ ዊንዶውስም አይቀበለውም። ብራውዘሮች ዛሬ «ዲፎልት አድርጉኝ» እያሉ የሚለምኑት፣ እሺ ስትሏቸውም ብዙ ጊዜ ወደ ሴቲንግስ የሚወስዷችሁ ለዚህ ነው። ይህ ጥበቃ ጥሩ ነው። ክፍተቱ ግን እማዬ የገባችበት ነው። መስመሩን ያለ ሰው ፈቃድ መቀየር ከባድ ሆነ፤ ሳያነብ እሺ የሚል ሰው ማግኘት ግን ቀላል ነው።

ማስተካከሉ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ ውስጥ አፕስ፣ ከዚያ ዲፎልት አፕስ ትገባላችሁ። የምትፈልጉትን ብራውዘር ስም ከዝርዝሩ ትመርጣላችሁ፤ ከላይ ዲፎልት የሚያደርገውን ቁልፍ ትጫናላችሁ። ይህ አንድ ቁልፍ የመጣው በ2022 ነው። ዊንዶውስ 11 በ2021 ሲወጣ ኤችቲቲፒን ለብቻ፣ ኤችቲቲፒኤስን ለብቻ፣ ኤችቲኤምኤል ፋይልን ለብቻ አንድ በአንድ መቀየር ነበረባችሁ። ቅሬታው ሲበዛ ነው የተስተካከለው። ዛሬም ቢሆን ቁልፉን ከጫናችሁ በኋላ ወረድ ብላችሁ ዝርዝሩን ብታዩት አይከፋም። ማክ ላይ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ዴስክቶፕ እና ዶክ በሚለው ሥር ታገኙታላችሁ፤ ቆየት ባሉት ማኮች ጀነራል ውስጥ ነው። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ዲፎልት አፕስ፣ ብራውዘር አፕ ነው። የአንዳንድ ስልክ ስያሜ ትንሽ ቢለያይም ሴቲንግስ መፈለጊያው ላይ «ዲፎልት» ብሎ መጻፍ ያደርሳል።

አይፎን የራሱ ታሪክ አለው። እስከ እ.ኤ.አ. መስከረም 2020 ድረስ አይፎን ላይ ዲፎልት ብራውዘር መቀየር የሚባል ነገር አልነበረም። ሌላ ብራውዘር መጫን ትችላላችሁ፤ ኢሜይል ውስጥ ያለ ሊንክ ስትነኩ ግን የሚነሣው የአፕል ብራውዘር ሳፋሪ ነው። የመጀመሪያው አይፎን የወጣው በ2007 ነው። አሥራ ሦስት ዓመት መሆኑ ነው። አይኦኤስ በሚባለው የአይፎን ሥርዓት 14ኛ እትም ነው በሩ የተከፈተው።

አንድ ጊዜ የደረሰብኝን ልጨምር፤ ብዙ ሰው ላይ ስለሚደርስ። አንድ የማልጠቀምበትን ብራውዘር ከኮምፒውተሬ አጠፋሁ። ማግስቱን ኢሜይል ውስጥ ሊንክ ብነካ ምንም አይከፈትም። በምትኩ «በዚህ ኮምፒውተር ላይ ባለ ገደብ ምክንያት ተሰርዟል» የሚል መልእክት ይመጣል። ማን ገደበኝ ብዬ ግማሽ ቀን ፈለግኩ። የገደበኝ ሰው አልነበረም። ያጠፋሁት ብራውዘር ስሙ መዝገቡ ላይ ቀርቶ ነው። ሊንኩ ወደ ሌለ ፕሮግራም ይላካል፤ የሚቀበለው የለም። ሌላ ብራውዘር ዲፎልት ሳደርግ ወዲያው ሠራ። ብራውዘር ልታጠፉ ስትሉ አስቀድማችሁ ዲፎልቱን ወደ ሌላ አዙሩ፤ ከዚያ አጥፉ።

የእማዬ ኮምፒውተር እንደተስተካከለ ሊንኩን እንደገና ጠቅ አደረገች። የራሷ ብራውዘር ተነሣ። ትልልቁ ፊደል መጣ። ፎቶዎቹ ተከፈቱ። «ዛሬስ አወቀኝ» አለች። እኔ ግን ደስታዬ ጎዶሎ ነበር። ይህ ሁሉ ወር ለምን? እያልኩ ነበር ወደ ቤቴ የተመለስኩት።

ዲፎልት የሚለውን ቃል «ነባሪ» ብለው የተረጎሙት አሉ። ጥሩ ቃል ነው። ሰው ካልነካው የሚኖር፣ ባለበት የሚቆይ ማለት ነው። ኃይሉም እዚያ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው አይነካውም። ስንፍና አይደለም፤ የሚነካ ነገር መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ ነባሪውን የያዘ ድርጅት ሰዉን ያዘ። ለዚህ ነው ይህች ትንሽ መስመር በታላላቅ ፍርድ ቤቶች የተመላለሰችው።

እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካ መንግሥት ማይክሮሶፍትን ሲከስ ከክሱ ዋና ነጥቦች አንዱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የተባለ ብራውዘሩን ከዊንዶውስ ጋር አጣብቆ ማቅረቡ ነበር። በዚያን ጊዜ ኔትስኬፕ የተሻለ ነው የሚል ሰው ብዙ ነበር። ግን ሰው የሚያገኘው ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቀውን ነው። አውሮፓ ደግሞ ሌላ መንገድ ሞከረች። ከ2010 ጀምሮ ማይክሮሶፍት ለአውሮፓ ኅብረት የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች የብራውዘር ምርጫ ገጽ እንዲያሳይ ሆነ። ስማቸው ተደርድሮ፣ ሰው አንዱን እንዲመርጥ። ከዚያ በአንድ እድሳት ገጹ ጠፋ። ከግንቦት 2011 እስከ ሐምሌ 2012 ድረስ አሥራ አምስት ሚሊዮን የሚሆኑ ተጠቃሚዎች ሳያዩት ቀሩ። ማይክሮሶፍት የቴክኒክ ስሕተት ነው አለ። የአውሮፓ ኮሚሽን በመጋቢት 2013 የ561 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለበት።

ይህን ቁጥር ድሮ ሳነበው የድርጅቶች ጠብ ይመስለኝ ነበር። የእማዬን ደብተር ካየሁ በኋላ ሌላ መሰለኝ። ከአሥራ አምስት ሚሊዮኑ ውስጥ ስንቱ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ብሎ ይሆን?

ነገሩ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2018 ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ የሙከራ እትም ላይ ከኢሜይል ፕሮግራሙ የሚነኩ ሊንኮች፣ የተጠቃሚው ዲፎልት ምንም ይሁን ምን፣ በራሱ ብራውዘር በኤጅ እንዲከፈቱ ሞከረ። ተቃውሞ ገጠመው፤ ተወው። በ2023 ሐሳቡ አውትሉክ በተባለው የኢሜይል ፕሮግራሙ በኩል ተመለሰ። ኢሜይሉና ገጹ ጎን ለጎን ስለሚታዩ ለሥራ ይመቻል ተባለ። ለአንዳንድ ሰው በእርግጥ ይመች ይሆናል። እኔን የሚከነክነኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ሰውየው አንዴ መርጧል። ምርጫው መዝገቡ ላይ አለ። መዝገቡን አልፎ መሄድ፣ ከዚያ «ካልፈለግክ አጥፋው» ማለት፣ ሰውየው ያልጀመረውን ሥራ እሱ ላይ መጫን ነው።

ስለዚህ የኮምፒውተሩን ዲፎልት አስተካክላችሁ ሊንኩ አሁንም ወደ ሌላ ብራውዘር ከሄደ መፍትሔው ኢሜይል ፕሮግራሙ ውስጥ ነው ማለት ነው። በተለመደው የዊንዶውስ አውትሉክ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ግቡ። ወረድ ስትሉ ሊንኮች በምን ይከፈቱ የሚል ምርጫ አለ። «ዲፎልት ብራውዘር» የሚለውን ያዙ። የሥራ ኮምፒውተር ከሆነ ግን የመሥሪያ ቤቱ የአይቲ ክፍል ከላይ ቆልፎት ሊሆን ይችላል። ያኔ ሴቲንግስ ላይ ጊዜ አታባክኑ፤ እነሱን ጠይቁ።

ኢሜይሉን የምታነቡት በብራውዘር ውስጥ ከሆነ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም። ሊንኩ እዚያው ብራውዘር ውስጥ በአዲስ ታብ ይከፈታል። መዝገቡን የሚጠይቅ የለም።

አንድ ብራውዘር ብቻ እየተጠቀሙም እንግዳ የሚሆኑ ሰዎች አሉ። ምክንያቱ ፕሮፋይል ነው። ክሮም ላይ አንዱን ለሥራ፣ አንዱን ለግል አድርጋችሁ ከሆነ ከውጭ የመጣ ሊንክ የሚከፈተው መጨረሻ ላይ በተጠቀማችሁበት ፕሮፋይል ነው። የሥራውን መስኮት ነክታችሁ ወደ ኢሜይል ከሄዳችሁ የግል ሊንካችሁ ሥራው ውስጥ ይከፈታል። እኔ ሊንኩን ከመንካቴ በፊት የምፈልገውን መስኮት አንዴ ጠቅ አድርጌው እመለሳለሁ። ሁለት የተለያዩ ብራውዘሮች መያዝም መፍትሔ ነው፤ ያኔ ግን ዲፎልት የሚሆነው አንዱ ብቻ ነውና የትኛው እንደሆነ አስቡበት።

ስልክ ላይ ያለው ግን ከሁሉም ያሳስበኛል። እዚያ ሊንኩ ሲነካ ከኢሜይል አፑ ሳትወጡ ገጹ እላዩ ላይ ይከፈታል። ብራውዘር ይመስላል፤ ግን የእናንተ ብራውዘር ላይሆን ይችላል። እዚህ ላይ ልዩነት አለ። አንድሮይድ ላይ ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ ከስተም ታብስ የሚባል አሠራር አለ። አፑ የእናንተን ብራውዘር በጠባብ መስኮት ያስነሣል፤ ኩኪዎቻችሁም ይሠራሉ፤ ገጹ ያውቃችኋል። አይፎን ላይ ተመሳሳይ ነገር በዚያው ዓመት መጥቶ ነበር። ከ2017ቱ አይኦኤስ 11 ወዲህ ግን ኩኪውን ከሳፋሪ ጋር አይጋራም። ስለዚህ ሳፋሪ ውስጥ የገባችሁበት ገጽ በዚያች መስኮት ሲከፈት አያውቃችሁም። ሦስተኛው ዓይነት ዌብቪው ነው። አፑ ራሱ ገጹን ያሳያል፤ ከፈለገም በገጹ ላይ የራሱን ኮድ ማስገባትና የሚሆነውን መመልከት ይችላል። ሦስቱን በዓይን መለየት ለማንኛችንም ቀላል አይደለም።

ስለዚህ የእማዬን ስልክ ሳስተካክል የኢሜይል አፑን ሴቲንግስ ገብቼ ፈተሽኩ። አንድሮይድ ላይ ጂሜይል በጀነራል ሴቲንግስ ውስጥ ሊንኮችን እዚያው ጂሜይል ውስጥ ክፈት የሚል ምልክት አለው፤ ስታነሡት ወደ ብራውዘራችሁ ይሄዳል። አይፎን ላይ ጂሜይል ዲፎልት አፕስ የሚል ቦታ አለው፤ የምትፈልጉትን ብራውዘር ትመርጣላችሁ፤ ሁልጊዜ ጠይቀኝ የሚልም አለ። ለእማዬ ጠይቀኝ የሚለውን አጠፋሁት። በየሊንኩ ጥያቄ ሲመጣባት እንደገና እሺ ማለት ትጀምራለች ብዬ ፈራሁ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ምቾት ሊመስል ይችላል። ከምቾት ያለፈ ነገር አለ። ፓስወርድ የሚያስቀምጥ ብራውዘር ፓስወርዱን ከገጹ ትክክለኛ አድራሻ ጋር ነው የሚያስረው። አጭበርባሪ ባንክ የሚመስል ገጽ ሠርቶ በኢሜይል ሊንክ ቢልክ ሰው በመልኩ ሊሸወድ ይችላል። ብራውዘሩ ግን አድራሻው ስለማይገጥም ፓስወርዱን አይሞላም። ሣጥኖቹ ባዶ ይቀራሉ። ያ ባዶ ሣጥን ማስጠንቀቂያ ነው፦ «ይህን ቦታ አላውቀውም» ማለቱ ነው።

እማዬ ግን ለወራት ያየችው ባዶ ሣጥን ብቻ ነበር። እውነተኛው ገጽም ባዶ፣ ሐሰተኛው ቢመጣም ባዶ። ማስጠንቀቂያው ትርጉሙን አጣ። ባዶ ሣጥን ስታይ ደብተሯን ማውጣትና ፓስወርዷን በእጇ መጻፍ ልማድ ሆነባት። ይህን ሳስብ ነው የደነገጥኩት። በዚያ ጊዜ አንድ መጥፎ ኢሜይል ቢመጣላት ኖሮ ሳትጠረጥር ትጽፍ ነበር። እኔው ነኝ ያስለመድኳት። አሁን ነግሬያታለሁ፦ «እማዬ፣ ሣጥኑ ራሱ ካልሞላ አትጻፊ። ደውይልኝ።»

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወላጅ ያላቸውን ወዳጆቼን የምጠይቀው ጥያቄ ተለውጧል። «ኢሜይል መክፈት ይችላሉ ወይ?» አልልም። «ሊንክ ሲነኩ የሚከፈተው ያው ራሳቸው የሚጠቀሙበት ነው ወይ?» እላለሁ። ብዙዎቹ አያውቁም። አንዷ ጓደኛዬ ሄዳ አየች፤ አባቷ ስልክ ላይ ኢሜይል ማንበብ ትተው ነበር። ፊደሉ አይታየኝም ብለዋት ነበር፤ እሷም ለአዲስ መነጽር ቀጠሮ ይዛላቸው ነበር። ብራውዘራቸው ላይ ፊደሉ ትልቅ ነው። በኢሜይል አፑ ውስጥ በሚከፈተው መስኮት ግን ትንሽ ነው።

ሕጉም በመጠኑ እየተከተለ ነው። የአውሮፓ የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ በትልልቆቹ ድርጅቶች ላይ ሲጸና አይፎን እዚያ ላሉ ተጠቃሚዎች የብራውዘር ምርጫ ዝርዝር ማሳየት ጀመረ። ደስ ይላል። ሆኖም ዝርዝር ያየ ሁሉ መረጠ ማለት አይደለም። እማዬም እኮ ገጽ ቀርቦላት ነበር። ጥያቄው በምን ቋንቋ፣ በምን ያህል ፊደል፣ «አይ» የሚለው ቁልፍ የት ተቀምጦ ቀረበ የሚለው ነው።

ባለፈው ወር የእማዬ ኮምፒውተር እንደገና ራሱን አደሰ። ጠዋት ደወለች። ያ ሰማያዊ ገጽ ተመልሷል አለችኝ። ያው ብዙ ጽሑፍ፣ ያው ትልቅ ቁልፍ። ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ እንዳትነኪው። ከታች በኩል ቀጭን ጽሑፍ አለ፤ እሱን ፈልጊ።»

«አግኝቼዋለሁ» አለች። «አሁን ለፎቶው አልቸገርም፤ እምቢ ብዬው ነው የደወልኩልህ።»